ሰርግ ላይ አንድ ኪቦርድ ባንድ ይተካል ወይ?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ተዳረች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ግን የቆሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ዘፋኟና ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ። ከበሮ ይሰማል፣ ቤዝ ይሰማል። ክራሩም፣ ዋሽንቱም፣ መሲንቆውም ይሰማል። አጠገቤ የተቀመጠችው አያቴ አንገቷን እያሰገገች "መሲንቆ መቺው የት ተቀምጦ ነው?" አለችኝ። ከኪቦርዱ ነው የሚወጣው አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ወደ መድረኩ ዞራ አላየችም።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው እዚህ ያመጣሁት። ዋን ማን ባንድ የምንለው ነገር ሰርጋችንን እንዲህ ጠቅልሎ ሊይዝ ይገባል? የእኔን አቋም ልናገር። ኪቦርድ እወዳለሁ። ኪቦርድ እንደ ኪቦርድ ይጫወት። ያልመጣን ሰው እንደመጣ አድርጎ ግን አያስመስል።

ኪቦርዲስት ነኝ፦
ወንድሜ፣ "አያስመስል" የሚለው ቃል ከበደኝ። 14 ዓመት በዚህ ሥራ እንጀራ በልቻለሁ። ብዙ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኜ ቆሜ የምውል ይመስለዋል። እስቲ ሥራውን ልንገርህ። እኔ በገዛሁት ኪቦርድ ውስጥ ፋብሪካው ሳምባና ቫልስ አስቀምጦልኛል። የእኛ ችክችካ ግን አልነበረበትም። ለጉራጊኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ ዘፈን የሚሆን ሪትም አልነበረውም። ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ኮርዱን አንድ በአንድ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሳምንት የፈጀብኝ ሪትም አለ።

መድረክ ላይ ግራ እጄ ኮርድ ይለውጣል። ቀኝ እጄ ዜማ ይይዛል። ዓይኔ ዘፋኟ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ ካሜራማኑ "አንዴ ቆዩ" ካለ መግቢያውን አስረዝማለሁ። ዘፋኟ ደክሟት ቃናዋ ከወረደ በትራንስፖዝ፣ ማለትም ኪቦርዱን በሙሉ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ቁልፍ፣ አብሬያት እወርዳለሁ። ይሄ መጫወት ካልሆነ ምንድን ነው?

ገንዘቡንም እንነጋገርበት። ሙሉ ባንድ ማለት ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ሳክስ፣ ኪቦርድና ዘፋኝ ነው። መኪና አለ። ሳውንድ ሲስተም አለ። ከጥምቀት በኋላ በየቅዳሜው ሰርግ ነው፤ ዋጋው ይሰቀላል። ደሞዝተኛ ቤተሰብ ይሄን ከየት ያመጣል? እኔ ባልኖር እዚያ አዳራሽ የሚቆመው ባንድ አይደለም። ዲጄ ነው።

መሲንቆ ከጎንደር፦
የዲጄውን ነገር እውነት ብለሃል። ግን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። አባቴም አያቴም በመሲንቆ ነው የኖሩት። እናንተ መሲንቆን እንደ ድምፅ ብቻ ነው የምታወሩት።

ሰርግ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው መጠየቅ ነው። የሙሽራው አባት ማን ይባላሉ? የሙሽሪት እናት አገራቸው የት ነው? አንደኛ ሚዜው የምን ሠራተኛ ነው? ከዚያ በስማቸው እገጥማለሁ። ሞቅ ሲል አንድ አጎት ይነሣና "ተቀበል!" ይለኛል። ስንኙን ይወረውራል፤ ተቀብዬ በዜማ አወጣዋለሁ። የወዲያኛው ወገን ደግሞ መልስ አለኝ ይላል። የእሱንም እቀበላለሁ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዓይን ለዓይን የሚተያዩት፣ የሚሳሳቁት እዚያ ላይ ነው። ኪቦርዱን "ተቀበል" ብትሉት ምን ይላል?

አምና ለአንድ ሰርግ ቀጠሮ ይዤ ስሄድ ከበር መለሱኝ። "ኪቦርዱ ውስጥ መሲንቆ አለ" ነው ያሉኝ። መሲንቆዬን በጨርቅ ጠቅልዬ በታክሲ ተመለስኩ። ያን ቀን ያመመኝ ገንዘቡ አይደለም። እኔን የምታክል ነገር በአንድ ቁልፍ ውስጥ አለች መባሌ ነው።

ከስቱዲዮ፦
የመሲንቆው ወንድማችን የተናገረው በቴክኒክም ልክ ነው። የማቀናበር ሥራ ላይ ስላለሁ ትንሽ ልዘርዝር።

አሁን መድረክ ላይ የምናያቸው ኪቦርዶች በአብዛኛው የሚሠሩት በሳምፕል ነው። የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ ይቀዳና በየቁልፉ ይቀመጣል። ክራር ላይ ይሄ ደህና ይሄዳል። ክር ይመታል፣ ይጮኻል፣ ይሞታል። ፒያኖም እንደዚያው ነው። መሲንቆ ግን ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ብቻ ነው። ጣት ጭራውን ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ ነካ ነው የሚያደርገው። ደጋኑ አይቆምም። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ያሰማሃል። ልቅሶው ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ኪቦርድ ላይ አንዱን ቁልፍ ትለቃለህ፣ ሌላውን ትጫናለህ። መንገዱ ተዘለለ።

በግራ በኩል ያለችው የፒች ቤንድ ጎማ ለዚህ ነበር የተሠራችው። ቁልፉን እንደያዝክ ድምፁን ታንሸራትታለህ። ግን ዋን ማን ባንድ የሚጫወት ሰው ግራ እጁ ኮርድ ይዟል። በየትኛው እጁ ጎማዋን ይንካት?

ሌላው የቅኝት ነገር ነው። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቦታ ሴንት በሚባለው የድምፅ ልኬት 100 ሴንት ነው። ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትጫወተው ማንም ቅር አይለው። አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርስ ግን የድሮ ክራር ደርዳሪ ጆሮው የሚያርፍበት ቦታ አንዳንዴ በሁለት ቁልፍ መካከል ነው። መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። ስኬል ቲዩን የሚባል ማስተካከያ አለ። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው በሴንት ከፍና ዝቅ ታደርገዋለህ። ያማሃም ኮርግም ለአረቡ ዓለም በሚሠሯቸው ኪቦርዶች ላይ ይሄን ቁልፍ ከፊት ነው የሚያስቀምጡት። የእነሱ ሙዚቀኞች አጥብቀው ስለጠየቁ ይመስለኛል። እኛ አልጠየቅንም። ያለውንም ከፍተን የምናይ ጥቂቶች ነን። በዚህ አዝናለሁ።

የታሪክ ተማሪ፦
በቅኝቱ ላይ ልቃወም። ፒያኖም 12 እኩል ቦታ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን በዚያው ፒያኖ የራሳቸውን ዓለም ፈጠሩ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ ማንም "የእርስዎ ፒያኖ የእኛ አይደለም" አላላቸውም። ስለዚህ ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም።

"ባንድ" የምትሉትም እኮ እንግዳ ነበር። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ሄደው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ይዘው መጡ። አርባ ልጆች የምንላቸው ናቸው። ጥሩምባና ትሮምቦን ይነፉ ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊስ ሠራዊቱ ኦርኬስትራ ቀጠለ። ዛሬ ሳክስ ሲነፋ ስንሰማ ልባችን የሚርደው ባለቤት ስለሆንን ነው። ያኔ እንግዳ ነው ተብሎ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ወርቃማ ዘመን እናወራ ነበር?

ባንዱን ያዳከመው ኪቦርድ ብቻ ነው የሚለውንም አልቀበልም። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ተዘጋበት። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ውስጥ እስኪነጋ ይጫወት የነበረው እንግዳው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ነው። ሁሉም ባንድ ሂልተን አልነበረውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዋልያስን ካነሣህ ስለ ባንዱ ኪቦርዲስት ስለ ኃይሉ መርጊያ ሳልናገር አላልፍም። ባንዱ ወደ አሜሪካ ሲመጣ እዚሁ ከቀሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን ያዘ፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን አስገባ።

ዲኤክስ ሰቨን እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሲንተሳይዘር ነው። ሳምፕል አይደለም። የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ ባገኘው ዘዴ ነው የሚሠራው። አንዱ ሞገድ ሌላውን እያንቀጠቀጠ አዲስ ድምፅ ይወልዳል። ስድስት እንዲህ ያሉ ሞገድ አመንጪዎች አሉት፤ እነሱን የሚያገናኝበት 32 መንገድ አለው። የሚሰጥህ ደወል የመሰለ፣ ብርጭቆ የመሰለ ድምፅ ነው። መሲንቆ ነኝ አይልም። ክራር ነኝ አይልም። ኃይሉም እንደ ራሱ ነው የተጠቀመበት። ዜማው የእኛ፣ ድምፁ የማሽኑ። ለዚህ ይመስለኛል ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭው ሰው እንደ አዲስ ነገር ያዳመጠው።

ካሴቱ እንደገና ሲታተም እሱ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ስደት ላይ ስድስት ሰው ሰብስቦ ባንድ ማቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ኪቦርድን አይናቀው። እኛን እዚህ ዘፈናችንን ያቆየልን አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፅ ማጉያ ነው።

የሳሪስ ልጅ፦
ይሄን ነው ማለት የፈለግኩት! ዲኤክስ ሰቨን አያቴን አያታልላትም። "ይሄ ምንድን ነው?" ትል ይሆናል፤ መቺውን ግን አትፈልግም። የታሪክ ተማሪው፣ አርባ ልጆችም ጥሩምባ ይዘው እምቢልታ ነው አላሉም። በስሙ መጣ፣ በስሙ ለመድነው።

የሙሽሪት እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ሁለት ልጅ ድሬያለሁ። የከፈልኩትም እኔ ነኝና ልናገር። የመጀመሪያዋን ስድር ባንድ ጠየቅሁ። ዋጋውን ስሰማ አዳራሹን ላስቀንስ ወይስ ምግቡን እያልኩ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ዋን ማን ባንድ ይዤ ተገላገልኩ። ልጁም ጎበዝ ነበር፤ እግዜር ይስጠው። ሰው ጨፍሯል። ግን ቪዲዮውን ዛሬ ሳየው የሰርጌ ነው የሚያስብል ነገር የለውም። የጎረቤቴም ሰርግ ያው ነው።

ሁለተኛዋ ስትዳር መልሱን ቤት ደገስን። አንድ አዝማሪ መጣ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነበር። አዝማሪው ከማን እንደሰማ አላውቅም፣ ስሙን አንሥቶ "ዛሬ ቢኖር" ብሎ ገጠመለት። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጨፈረ። እስካሁን ዘመድ ሲሰበሰብ ያንን ነው የሚያወራው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ግን የነገረኝ የለም። ሰርግ አዘጋጁ የሰጠኝ ምርጫ ወይ ባንድ ወይ ኪቦርድ ወይ ዲጄ ነው። አንድ ኪቦርድና አንድ መሲንቆ ብባል ኖሮ ዓይኔን አላሽም ነበር።

ኪቦርዲስት ነኝ፦
እናቴ፣ ቃልዎ ገባኝ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ለደንበኛ እንዲህ ብዬ አቅርቤ አላውቅም። አንዱ ምክንያት ክፍያው ለሁለት እንዳይካፈል ነው። አልደብቅም። ሌላው ግን የሥራ ችግር ነው። ሁለት ጊዜ ከመሲንቆ ጋር ተጫውቼ አልገጠመልንም። እሱ በራሱ ድምፅ ልክ ነው የቃኘው። በሁለት ቁልፍ መካከል አረፈ። ትራንስፖዝ ባደርግ ወይ ከላዩ እሆናለሁ ወይ ከሥሩ።

ከስቱዲዮ፦
ለዚያ ትራንስፖዝ አይደለም፣ ማስተር ቲዩን ነው። ትራንስፖዝ የሚዘለው በግማሽ ድምፅ ነው። ማስተር ቲዩን ጠቅላላ ኪቦርዱን በትንሽ በትንሹ ያነሣልሃል። መሲንቆው መጀመሪያ ይቃኝ፣ አንተ ወደ እሱ ሂድ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ የመሲንቆውን ሳምፕል ከሪትምህ ውስጥ አጥፋው። ቀኝ እጅህ ያን ጊዜ ነፃ ይሆናል። የሚያምር ኦርጋን ወይም ስትሪንግ ከሥሩ ዘርጋለት።

መሲንቆ ከጎንደር፦
እኔም ወደ እሱ መምጣት እችላለሁ። መሲንቆ አንድ መቃኛ ነው ያለው፤ ማዞር ነው። ቸግሮኝ የነበረው ሌላ ነው። ሪትሙ አንዴ ከተነሣ አይጠብቀኝም። "ተቀበል" ያለኝ ሰው ስንኙን ሲያስብ፣ ሰው ሲስቅ፣ እኔ ቆም ስል ማሽኑ ይሮጣል። ግጥም ደግሞ ትንፋሽ ይፈልጋል።

ኪቦርዲስት ነኝ፦
እሱን ለእኔ ተወው። ከበሮውን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ዝም ማሰኘት እችላለሁ። ካስፈለገም ጭራሽ አጠፋዋለሁ፣ በእጄ ኮርድ ይዤ እጠብቅሃለሁ። እጅህን ስታነሣ እገባለሁ።

ጥር 17 አዲስ አበባ ሰርግ አለኝ። የሙሽራው ቤተሰብ የእናንተ አገር ሰዎች ናቸው። ዛሬ ማታ ደውዬ አናግራቸዋለሁ። እሺ ካሉ ሐሙስ ግባ፣ ዓርብ እንለማመድ። የሽማግሌዎቹን ስም ዝርዝር እኔ እቀበልልሃለሁ።

መሲንቆ ከጎንደር፦
ስሙን ብቻ አይደለም። እናቲቱ ማንን በሞት እንዳጣች፣ አባትየው ምን ሥራ ላይ እንደነበሩ ጠይቅልኝ። ረቡዕ ማታ ተሳፍሬ እመጣለሁ።