የአሜሪካ ጦር ባንዶች ውጭ አገር ሲመደቡ ኑሯቸው ምን ይመስላል? ወታደር ናቸው ወይስ ሙዚቀኛ?

ትራምፔት_ሃዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሃዋሳ ነው ያለሁት፣ ትራምፔት እነፋለሁ። ቤት ውስጥ ስነፋ ጎረቤት ስለሚረበሽ ጠዋት ጠዋት አሳ አጥማጆቹ ሲመለሱ አሞራ ገደል ጋር ጥግ ይዤ ነው ልምምዴን የምሰራው። መጀመሪያ ሰሞን አባ ኮዳዎቹ ድምፁን ሲሰሙ ብድግ ብለው ይበሩ ነበር፣ አሁን ለምደውኝ እግሬ ስር ሆነው የአሳ አንጀት ይለቅማሉ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ሰሞኑን የአሜሪካ ጦር ባንድ ጃፓን አደባባይ ላይ ሲጫወት ቪዲዮ አየሁና ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ፣ ዩኒፎርም ለብሰዋል ግን ማርሽ ብቻ አይደለም የሚጫወቱት የጃፓኖቹን ዘፈን ራሱ ይጫወታሉ ሰዉ አብሮ ያጨበጭባል። እነዚህ ሰዎች እውነት ወታደር ናቸው? መሳሪያ ይዘው ያውቃሉ? ውጭ አገር ሲመደቡ ቀኑን ሙሉ ምን ይሰራሉ? የምጠይቀው በምክንያት ነው፣ እዚህ ማርሽ ባንድ ልመዘገብ ስል አባቴ (የድሮ ወታደር ነው) መለከት የያዘ ወታደር አይባልም ብሎ ከለከለኝ። አባቴን ማስከፋት አልፈልግም፣ ግን ነገሩ ውስጤን እየበላኝ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ በናታችሁ።

ከአዳማ_ጀርመን፦
ወንድሜ ወታደር ናቸው፣ ያውም ሙሉ ወታደር። በእግረኛ ጦሩ ያለ ሙዚቀኛ መጀመሪያ ኦዲሽን (የመጫወት ፈተና) ያልፋል፣ ከዛ እንደማንኛውም ምልምል 10 ሳምንት መሰረታዊ ወታደራዊ ስልጠና ይወስዳል፣ መተኮሱንም መሮጡንም፣ ከዛ በኋላ ነው ቨርጂኒያ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤታቸው የሚገባው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ አሁን የምኖረው ጀርመን ካይዘርስላውተርን አካባቢ ነው፣ የእግረኛ ጦሩ ባንድ ዜምባኽ የአየር ኃይሉ ደግሞ ራምሽታይን ነው ያሉት፣ ሁለቱም ለኛ ቅርብ ናቸው። የባህር ኃይሉ ጣሊያን ኔፕልስ ነው። ጃፓን ያየኻቸው ዮኮሱካ ወይ ካምፕ ዛማ ወይ ኦኪናዋ ካሉት አንዱ ይሆናሉ። ስራቸው አዛዥ ሲቀያየር፣ ወታደር ሲቀበር፣ እንግዳ ሲመጣ ሰልፍ ላይ መንፋት ነው፣ የቀረው ጊዜ ልምምድና ጉዞ ነው። ደግሞ ሁሌ ሙሉ ባንዱ አይወጣም ተከፋፍለው ነው፣ አምስት ሰው የብራስ (የናስ መለከቶች) ቡድን ቤተክርስቲያን ይሄዳል፣ ሌላው የሮክ ቡድን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ለገና አንድ ትንሽ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲጫወቱ አይቻቸዋለሁ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቱባ ነፊዋ ማውዝፒሷን (አፍ የሚነካውን ጫፍ) ነቅላ በመዳፏ ውስጥ ስታሞቅ ነበር ተራዋ እስኪደርስ። መግቢያ በነፃ ነው፣ አጠገቤ የነበሩት ጀርመናዊት አሮጊት እስከመጨረሻው አለቀሱ።

አንድ ነገር ልጨምር ይሄ በጣም ስለሚነካኝ ነው። ሳሙኤል አድለር የሚባል የሙዚቃ ደራሲ አለ፣ በ1928 በፈረንጅ ማንሃይም ጀርመን ነው የተወለደው፣ አይሁድ ስለሆኑ ቤተሰቡ በ1939 ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። ከዛ ልጁ አድጎ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ተመልሶ እዛው ጀርመን ተመደበ፣ በ1952 ከወታደሮቹ መሃል ቫዮሊን የሚችለውን ቼሎ የሚችለውን ሰብስቦ የአሜሪካ 7ኛው ጦር ሲምፎኒ ኦርኬስትራን አቋቋመ። እስከ 1962 ድረስ ቦምብ ባፈረሳቸው ከተሞች ሁሉ እየዞሩ ለጀርመኖቹ ተጫወቱ። ያባረሩት አገር ተመልሶ ሙዚቃ ማሰማት፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ዝም ነው የምለው።

ክላሪኔት_ጡረታ፦
ልጄ እኔም ሃዋሳ ነኝ፣ ጡረታ እስክወጣ በሙዚቃ ክፍል ክላሪኔት ነፍቻለሁ። አባትህን አክብር፣ ግን ይችን አንብብላቸው። ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባህር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በመታች ጊዜ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ አሪዞና የምትባለው መርከብ ላይ 21 ሙዚቀኞች ነበሩ፣ በውጊያ ጊዜ የነሱ ምድብ ለመድፉ ጥይት ማቀበል ነበር፣ 21ዱም አለቁ። አንድ አልተረፈም። ከዛ በፊትም በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጥቁር አሜሪካውያኑ 369ኛ ሬጅመንት ባንድ ነበር፣ መሪው ሌተናንት ጀምስ ሪስ ዩሮፕ የመትረየስ መኮንንም ነበር፣ ግንባር ላይ በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቷል። በ1918 መጀመሪያ ብሬስት ወደብ ሲደርሱ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር በራሳቸው ምት ቢነፉት ፈረንሳዮቹ መዝሙራቸው መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው፣ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ። ታዲያ ይሄ ወታደር አይባልም?

የኛም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ራስ ተፈሪ በፈረንጅ 1924 ከኢየሩሳሌም 40 አርመን ልጆች አምጥተው ነው የዘመናዊ ባንድ መሰረት የጣሉት። ጥላሁንም ማህሙድም ከክብር ዘበኛ ነው የወጡት። ይሄን አባትህ ያውቁታል፣ አስታውሳቸው።

ፀሐይ_አዳማ፦
ጋሽዬ እድሜ ይስጥልን፣ በጣም ነው የተማርኩት። እኔ የምጨምረው የጦር ሰፈር አጠገብ ስለሚኖረው ሰው ነው። እናቴ አስመራ ነው ያደገችው፣ ቃኘው ስቴሽን የሚባለው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር እዛ ነበር፣ ስምምነቱ በፈረንጅ 1953 ተፈርሞ እስከ 1977 ቆይቷል፣ ስሙ ራሱ ኮርያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ የመጣ ነው። አሜሪካኖቹ ለወታደራቸው ብለው የከፈቱትን ሬድዮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰማው ነበር፣ እናቴ ግጥሙ ሳይገባት ዜማውን እስካሁን ወጥ ስትሰራ ታንጎራጉረዋለች። ኮርያም እንደዛው ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ 8ኛው ጦር ክበቦች ለወታደሮቹ ሲጫወቱ የተማሩ ኮርያውያን ናቸው ኋላ የአገራቸውን ሙዚቃ የቀየሩት፣ ኪም ሲስተርስ የሚባሉት ሴት ዘፋኞች ከዛ ተነስተው በ1959 ላስ ቬጋስ ደረሱ። አየህ ትራምፔት፣ ለወታደር ተብሎ የተነፋ ዜማ አጥር አይዘውም፣ አንተንም እኮ ሃዋሳ ድረስ መጥቶ ያዘህ።

ትራምፔት_ሃዋሳ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ እራት ላይ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የአሪዞናዎቹ ጋ ስደርስ መብላቱን አቆመ፣ 21ዱም? አለኝ፣ አዎ አልኩት፣ ከዛ ብዙ ዝም አለና የኛ ክፍል መለከት ነፊም ነበረ ብሎ ስሙን ነገረኝ። ከዚህ በፊት ስለሱ አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም። እሺ አላለኝም፣ ግን ምዝገባው መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ ጠይቆኛል። ጋሼ፣ ለፈተናው ኖታ ማንበብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ከቻሉ ቢያሳዩኝ?

ክላሪኔት_ጡረታ፦
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል በር ላይ ጠብቀኝ። ትራምፔቱን ያዝ። አባትህንም ይዘሃቸው ና።