ሁለት ሞተር ያለው ጀልባዬ እዚያው መዞር አቃተው

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። ድሮ የግራውን ሞተር ወደፊት፣ የቀኙን ኋላ ማርሽ ሳስገባ ጀልባዬ እዚያው ቦታው ላይ ወደ ቀኝ ይሾር ነበር። ፕሮፔለሮቹ (ውሃ ውስጥ እየዞሩ ጀልባውን የሚገፉት ክንፎች) ተፈተው ተጠግነው ከተገጠሙ ወዲህ ግን በግድ ነው የሚዞረው፣ ነፋስ ካለ ጭራሽ እምቢ ይላል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንም አይልም። ሞተሩ ደክሞ ይሆን?

ባለመሪው፦ ሞተሩን ተወው። ፕሮፔለሮቹ ወዴት ነው የሚዞሩት? ከኋላ ሆነህ ስታይ፣ ወደፊት ሲሄድ የቀኙ በሰዓት አቅጣጫ፣ የግራው በተቃራኒው ነው መዞር ያለበት። ፕሮፔለር ወደፊትና ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፣ መሬት እንደነካ ጎማ ትንሽ ወደ ጎንም ይንከባለላል፣ ኋላ ማርሽ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚረጨው ውሃ ራሱ ጀልባውን ጎኑ ላይ ይመታዋል። ወደፊት ሲሄድ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረው የቀኙ፣ ኋላ ማርሽ ሲገባ በተቃራኒው ስለሚዞር የጀልባውን ኋላ ወደ ግራ ይስበዋል። ኋላው ወደ ግራ ከሄደ ፊቱ ወደ ቀኝ ዞረ ማለት አይደል! የግራውም ወደፊት እየሄደ እዚያው ላይ ያግዛል። ወደ ውስጥ የሚዞሩ ከሆኑ፣ ማለትም ወደፊት ሲሄድ የቀኙ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ የግራው በሰዓት አቅጣጫ ከሆነ ግን፣ ሁለቱም ይታገሉሃል።

ጠያቂ፦ ወይ ጉድ። መካኒኩ ገጥሞ ሲጨርስ ወደፊት ሳስገባው ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ የማርሹን ኬብል ገልብጦ «በቃ ተስተካከለ» አለኝ።

ዘንግ፦ በቃ፣ የግራና የቀኙን ፕሮፔለር አቀያይሮ ገጥሞልሃል። እርግጠኛ ለመሆን ጀልባውን በገመድ አጥብቀህ እሰር፣ የቀኙን ብቻ ቀስ ብለህ ኋላ ማርሽ አስገባው። አረፋው በቀኝ በኩል ወደ ውጭ ከፈላ ደህና ነው። ከሆዱ ስር ከገባ ተቀያይረዋል። አሁኑኑ አስተካክለው፣ ኬብሉ ስለተገለበጠ ወደፊት ስትሄድ ማርሽ ቤቱ ኋላ ማርሽ ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በኋላ ማርሽ መሄድ የማይችል ማርሽ ቤት ደግሞ አለ።

የማታ ፈረቃ፦ ግን «ወደ ውስጥ» ሁሌ መጥፎ ነው አትበሉ። ክንፎቹ አንግላቸውን የሚቀይሩ ፕሮፔለሮች ያሏቸው መርከቦች ላይ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ኋላም ሲኬድ በዚያው አቅጣጫ ነው የሚዞረው። እዚያ ላይ ለመዞር የሚያግዘው ወደ ውስጥ የሚዞረው ነው፣ ቢያንስ ኋላ የሚገፋው። ከትንሽ ጀልባ መጥቼ መጀመሪያ ሳየው ራሴን አዙሮኝ ነበር።

ጠያቂ፦ አሁን አስሬ ሞከርኩት። አረፋው ሙልጭ ብሎ ከሆዱ ስር ገባ። መካኒኩ ስልክ አያነሳም።