መዥገሩ እንቅልፍ ነሳኝ
ሰላም ወገኖች፣ እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን ብርዱን እንጂ ተናካሽ ነገር ብዙም አላውቅም። አሁን ግን ጣርማበርን ወርጄ ሸዋሮቢት አካባቢ አጎቴ ጋ ነኝ፣ ማሽላው እስኪሰበሰብ ማታ ማታ ማሳው ዳር ከከብቶቹ ጋር ነው የማድረው። ለትንኙ አጎበር አለኝ፣ ወባ ስላለ በሱ አልቀልድም፣ ያቃተኝ መዥገሩ ነው። ሳር ውስጥ ገብቼ ስወጣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ሱሪዬ ላይ ይርመሰመሳሉ፣ ጠዋት ብብቴና ቀበቶዬ ስር ተጣብቀው አገኛቸዋለሁ። አንዱን በጥፍሬ ቆንጥጬ ስስበው ሆዱ እጄ ላይ ቀረ፣ አፉ እዛው ቆዳዬ ውስጥ፣ ይኸው ስድስት ቀኑ ዙሪያው ቀልቶ ያሳክከኛል። ሌላውን ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ወይ ፍንክች! አሁን በወረንጦ ከስሩ ይዤ ቀጥ አድርጌ ነው የምስበው፣ እሱ ሙሉውን ያወጣዋል። ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ እከታለሁ፣ ጭስም አጭሳለሁ፣ ጭሱ ትንኙን ቀነሰልኝ እንጂ መዥገሩን አልነካውም። የከብቶቹን መዥገር ማጥፊያ፣ ዳያዚኖን የሚባለውን፣ ልብስህ ላይ እርጨው ያሉኝ አሉ፣ መርዝ ነው፣ አላደርገውም። ፐርሜትሪን የሚባለውን የልብስ መንከሪያ ሁለት ፋርማሲ ጠይቄ አጣሁ። ገና ሶስት ሳምንት ይቀረኛል፣ እዚሁ አካባቢ የሚገኝ፣ ሰውን ሳይጎዳ መዥገር ከልብስ የሚያርቅ ምን አለ?