ልጄ ለአራት ሳምንት ወደ ጃፓን ሆስፒታል ልትሄድ ነው፤ ምን ትላላችሁ?

ከፍራንክፈርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ እዚህ ጀርመን የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት። ለክረምቱ የሆስፒታል ልምምድ ጓደኞቿ ስዊዘርላንድና አሜሪካ ሲያመለክቱ እርሷ ጃፓን ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች። ያሰበችው ኦገስትን ነው። አባቷ «ቋንቋውን ሳትችል ምን ልትሠራ ነው?» ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ብቻዋን መሆኗና ምግቡ ነው፤ ፍልሰታን ትጾማለች። እዚያ የሠራ ወይም የሚኖር ካለ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

ከኮሎኝ፦

እንደምን አሉ እትዬ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በኪዩሹ ደሴት በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አራት ሳምንት ቆይቻለሁ፤ ሁለቱን በውስጥ ደዌ፣ ሁለቱን በቀዶ ሕክምና ክፍል። እኔም ኦገስት ላይ ነበር የሄድኩት።

ከአባቷ ጥያቄ ልጀምር፤ እውነታቸውን ነው። ጃፓንኛ የማይችል ተማሪ እዚያ ተመልካች ነው። ደም አይቀዳም፣ ቁስል አይሰፋም፣ ካርድ ላይ አይጽፍም። የራሳቸው ተማሪዎች እንኳን ወደ በሽተኛ አልጋ የሚቀርቡት የጽሑፍና የተግባር ፈተና አልፈው ነው። ልጅዎ እጇን ማፍታታት ከፈለገች እዚሁ ጀርመን ባለ ትንሽ የወረዳ ሆስፒታል በሳምንት የምትሠራውን እዚያ በወር አትሠራውም። ይህን አውቃ ትሂድ፤ ሳታውቅ ከሄደች በሦስተኛው ቀን ታኮርፋለች። እኔ አኩርፌ ነበር።

ሐሳቧ ከጸና ከሁሉ የሚቀድመው ክትባት ነው። እኔን የላኩብኝ ቅጽ «ተከትቤያለሁ» ማለትን አይቀበልም፤ ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍ፣ ለሩቤላና ለጉድፍ በደሜ ውስጥ ያለው መከላከያ በቁጥር ተለክቶ እንዲላክ ይጠይቃል። የጉበት ቢና የቲቢ ምርመራም አለበት። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በልጅነቴ የተሰጠኝ የኩፍኝ እንጂ የጆሮ ደግፍ ክትባት ስላልነበረ ቁጥሬ ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጊዜ መከተብ፣ በመካከሉ አራት ሳምንት መጠበቅ። ትኬቴን ቀድሜ ገዝቼ ስለነበር ቀኑን ለማስለወጥ የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም ያመኛል። የቲቢውን ደግሞ ክንድ ቆዳ ላይ በሚወጋው ሳይሆን በደም በሚሠራው ታስመርምር፤ ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የተከተበ ሰው ክንዱ ቲቢ ሳይኖርበትም ሊያብጥ ይችላል፣ ከዚያ ማስረዳቱ አያልቅም።

ፓስፖርቷ የጀርመን ከሆነ ለ90 ቀን ቪዛ አያስፈልጋትም። የኢትዮጵያ ከሆነ ከሆስፒታሉ የግብዣ ደብዳቤ አስልካ እዚሁ ላለው የጃፓን ቆንስላ ታመልክት። ልምምዱ ለዲግሪዋ እንደሚቆጠርላትም የክፍለ ሀገሩን የፈተና ቢሮ በጽሑፍ ሳትጠይቅ እንዳትንቀሳቀስ።

ጀርመን መማሯ ግን ያላሰበችው ጥቅም አለው። በሜጂ ዘመን የጃፓን መንግሥት ሕክምናን ከጀርመን ለመማር ወስኖ እ.ኤ.አ. በ1871 ሁለት የፕሩሲያ ወታደራዊ ሐኪሞችን ቶኪዮ ካስመጣ ወዲህ የጃፓን ሐኪም አፍ ጀርመንኛ እንደለመደ ቀርቷል። ዛሬ በ1,000 የን ኖት ላይ የምናያቸው የባክቴሪያ ተመራማሪው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮም በርሊን ከታዋቂው ጀርመናዊ ሐኪም ከሮበርት ኮህ ዘንድ የሠሩ ናቸው። የበሽተኛው መዝገብ «ካሩቴ» ይባላል፤ እኛ ሀገር ቤት «ካርድ አውጣ» የምንለው መሆኑ ነው። ራጁ «ሬንቶገን»፣ ጎዙ «ጋዜ»፣ ለተሰበረ እጅ የሚታሰረው «ጊፑሱ»። እኛ ጀሶን ከጣሊያን አገኘን፣ እነርሱ ከጀርመን። በመጀመሪያው ሳምንት ከጠዋቱ ስብሰባ ላይ የሚገባኝ ይኸው ብቻ ነበር፤ እንደ ጥሬ አንድ አንድ እየለቀምኩ እቀመጣለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ቃል «ሙንቴራ» ነው። አፍ እና ሕክምና ከሚሉ ሁለት የጀርመንኛ ቃላት የተሰፋ ነው፤ እዚህ ጀርመን ግን ማንም ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። ሐኪሙ በሽተኛውንና ቤተሰቡን አስቀምጦ ስለ በሽታው የሚያስረዳበት ንግግር ማለት ነው፤ አሁን አሁን የሚሉት በዕድሜ ገፋ ያሉት ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ እከተላቸው የነበሩት ሐኪም ይዘውኝ ገቡ። ጠባብ ክፍል፣ አራት ወንበር፣ አንድ የሶፍት ካርቶን። ሰማንያ ያለፋቸው እናትና ሴት ልጃቸው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ወረቀት አውጥተው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጨጓራ ሣሉ፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ አደረጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እናትየው አዞሩት። ከተናገሩት ሁሉ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ጋን»። በእኛ የጠላ ማስቀመጫው፣ በእነርሱ ካንሰር። አንድ ጊዜ ብቻ አሉትና ዝም አሉ። ዝምታው በጣም ረዘመብኝ፤ ማንም ሊሞላው አልሞከረም። እናትየው ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና አንድ ነገር ጠየቁ። ስለ ሞት የጠየቁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ሐኪሙ ሲነግሩኝ፣ «ለኦቦን ቤቴ እደርሳለሁ ወይ?» ነው ያሉት። ኦቦን በኦገስት አጋማሽ የሙታን ነፍስ ወደ ቤት ትመለሳለች ተብሎ መቃብር የሚጸዳበት በዓል ነው። ባላቸውን መቀበል አለባቸው።

አክስቴ አዲስ አበባ ስትታመም ቤተሰባችን ሐኪሙን «ለእርሷ እንዳይነግሩብን» ብሎ ለምኖ ነበር። ጨጓራ ነው እንደተባለች አረፈች። እኔም በስልክ «ጨጓራ ነው፣ ይሻልሻል» ካሉት አንዱ ነኝ። ጃፓንም ቀድሞ እንዲሁ ትደብቅ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያርፉ ካንሰር እንደነበረባቸው ለሕዝብ የተነገረው ከሞቱ በኋላ ነው። እንዴት አድርገው በአንድ ሰው ዕድሜ እንደቀየሩት በየቀኑ እጠይቅ ጀመር፤ ማኩረፌም ያኔ ነው የተወኝ። ልጅዎ ከእንዲህ ያለ ክፍል በር ላይ የምትቆም ከሆነ ትሂድ እላለሁ። ለማሽኑና ለሮቦቱ ብላ ከሆነ በቪዲዮ ትየው።

ጃፓንኛም ጨርሶ አልማርም እንዳትል። ሰላሳ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፤ ከሰላሳው አንዱ ግን «ሳዮናራ» አይሁን። እኔ ከበሽተኞች ክፍል ስወጣ ጎንበስ ብዬ «ሳዮናራ» እል ነበር፣ ትሕትና መስሎኝ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ነርስ ወደ ጎን ጠራችኝ። ለካ ሰው እስከ መቼ እንደሚለያይ ሳይታወቅ የሚባል ስንብት ነው፤ አልጋ ላይ ላለ በሽተኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት። የሚባለው «ኦዳይጂ ኒ» ነው፤ እኛ «እግዜር ይማርዎ» እንደምንለው። ሲገቡ ደግሞ «ሺትሱሬይ ሺማስ»፤ ደፈርኩ፣ ይቅርታ እንደማለት። ለታላቅ ዕቃን በሁለት እጅ ማቀበል፣ ቀድሞ አለመቀመጥ፣ ሲጠሩ ከወንበር መነሣት፤ እነዚህን ከቤት ይዛ ስለምትሄድ ከጀርመኖቹ ተማሪዎች ቀድማ ትለምዳለች። ፕሮፌሰሩ በሳምንት አንድ ቀን ሲጎበኙ እንደ ሠርግ አጀብ ሁሉም በየማዕረጉ ይሰለፋል። ቦታዋ ከጭራው መጨረሻ ነው።

አገሯን ሲጠይቋት ኢትዮጵያ ትበል። አንድ ትርፍ አንጀታቸውን የተቀደዱ አዛውንት የመጣሁበትን ሲሰሙ «አበበ!» ብለው ቀና አሉ። ቶኪዮ ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በልጅነታቸው እንዳዩት ተረኩልኝ። በባዶ እግሩ የሮጠው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ጫማ ነበረው። አላረምኳቸውም፣ ለምን አርማለሁ? ይልቅስ አበበ ያን ማራቶን ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው መሆኑን ረዳቱ ሐኪም እንዲያስተረጉሙልኝ ለመንኩ። በማግሥቱ ሽማግሌው የግሉኮሳቸውን ማንጠልጠያ እየገፉ ኮሪደሩን ሲዞሩ አገኘኋቸው። ስንተኛ ዙራቸው እንደሆነ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ሰባት።

ከቶኪዮ፣ ካትሱሺካ፦

እህቴ፣ እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ሆስፒታሉ ወንድማችን ብሎታል። ስለ ጾሙ ግን ልንገርሽ። ቶፉ አለ፣ ሩዝ አለ፣ አኩሪ አተሩ በየዓይነቱ ነው። ችግሩ «ዳሺ» የሚሉት የሾርባ መሠረት ነው፤ አብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይፈላል። አትክልት ብቻ መስሎ የሚቀርበው ሾርባ፣ ሶባ የሚሉት የፓስታ ዓይነት መረቅ፣ የተቀቀለው ዱባ ሳይቀር ዓሣ ነክቶታል። እኔ የመጀመሪያውን ፍልሰታዬን ሳላውቅ በዓሣ ነው የጾምኩት፤ ለአባቴ ስነግረው ስቆ አልጨረሰም። «ኮምቡ» የሚባለው ዳሺ ከባሕር ቅጠል ስለሆነ እርሱን ትጠይቅ። ምሳ ካጠራት ከየመንገዱ ሱቅ «ኡሜ» ያለበትን የሩዝ ጥቅል ትግዛ፤ ጎምዛዛ ፍሬ ነው ውስጡ። በርበሬና ሽሮ ይዛ ትምጣ፤ ኪዩሹ ውስጥ አታገኝም። ቶኪዮ ካለፈች እኛ ሰፈር ሐበሻው ብዙ ነው፣ እንጀራም አይጠፋም።

ከኮሎኝ፦

ይህን ሳይ አንድ ነገር ታወሰኝ። ለምን በኦገስት? በኦቦን ሳምንት ግማሹ ሐኪም ፈቃድ ላይ ነው፣ እኔ አራት ቀን ሙሉ የሚያስተምረኝ አጥቼ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጫለሁ። ሙቀቱም እንደ ተነከረ ፎጣ ይጠመጠማል። እረፍቷ ከፈቀደላት ሴፕቴምበር ታድርገው፤ ፍልሰታም ያልፋል። አውሎ ነፋስ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ግን የመመለሻ ትኬቷ የሚለወጥ ይሁን።

ከፍራንክፈርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። ለአባቷ አንብቤለታለሁ፤ ስለ አክስትህ ያልከው ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ የእናቱም እንዲሁ ነበር። ሴፕቴምበርን ተስማምታለች፣ ዛሬ ደም ልትሰጥ ሄዳለች። አንድ የቀረኝ፤ ሆስፒታሉ የላከው ወረቀት ላይ ለቤት ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነጭ ጫማ ይላል። እዚያ ትግዛ ወይስ ይዛ ትሂድ? እግሯ 42 ቁጥር ነው።

ከቶኪዮ፣ ካትሱሺካ፦

42? እህቴ፣ እዚህ የሴት ጫማ መደርደሪያ በ25 ሴንቲሜትር ነው የሚያልቀው። ከዚያው ይዛ ትምጣ፣ ሁለት ጥንድ።