የቅርጫት ኳስ የሥዕል መጽሐፍ፦ «እማ፣ ቅርጫቱ የት ሄደ?»

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ጎንደሮች! ሁለተኛ ክፍል ላለችው ልጄ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ቅርጫት ኳስ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ይዞላት መጣ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ማታ ማታ ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ እተርክላታለሁ። ትናንት ግን ያዘችኝ። «ትምህርት ቤታችን ያለው ብረት ነው፣ ቅርጫቱ የት ሄደ?» አለች። ስንት ዓመት ቅርጫት ኳስ ስል ኖሬ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን የአማርኛውን አብረን ደብተር ላይ ልንሠራ ነው። ከየት እንጀምር? ጨዋታው ሲፈጠር የተጻፉትን 13 ሕጎችስ እንዴት ላስረዳት?

የስፖርት መምህር፣ አዘዞ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ጀምራልሻለች እኮ፣ ከዚያው ከጥያቄዋ ተነሺ። በፈረንጆቹ 1891 ታኅሣሥ ላይ፣ በእኛ 1884 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጄምስ ኔይስሚዝ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ሲያስተምር ብርዱ ውጭ አላስወጣ ያላቸው 18 ተማሪዎች አስቸገሩት። አዲስ ጨዋታ እንዲፈጥር የተሰጠው ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። መጀመሪያ እግር ኳሱንም ሌላውንም አዳራሽ ውስጥ ሞከረ፤ አልሆነም፣ ልጆቹ እየተላተሙ ተጎዱ። ይቺን ገጽ አደራ እንዳትዘያት። ልጆች ሰው ሲሞክር ሳይሳካለት ሲቀርም ይዩ። ከዚያ የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን ቢጠይቀው ያገኘለት የኮክ ቅርጫት ሆነ፣ እሱኑ ሰገነቱ ላይ ቸነከረው። የሰገነቱ ከፍታ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ነበር፣ ዛሬም በውድድር ብረቱ የሚሰቀለው እዚያው ቁመት ላይ ነው። የቅርጫቱ ታች ድፍን ስለነበር ኳስ በገባ ቁጥር በመሰላል ወጥቶ ማውረድ ግድ ነበር። ታቹ ክፍት የሆነው መረብ የመጣው በኋላ ነው።

አራዳ ሰፈር፦
13ቱን ሕግ ተያቸው፣ አንዱ ይበቃል፦ ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው። ኳስ የያዘ ሰው ከሮጠ ሌላው ጎትቶ መጣሉ አይቀርም፣ ሰውየው የገባው ይሄ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ማለቁንም ንገሪያት፣ የኔ ልጅ ይሄን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። ደግሞ በቃል ብቻ አይሆንም፣ በር ላይ እንቅብ ስቀዪና ትሞክረው።

የድሮ ተጫዋች፦
ሴት ልጅ አይደለች? እንግዲያው አንድ ገጽ ለሴንዳ በረንሰን ይሁን። ጨዋታው በተፈጠረ በዓመቱ፣ 1892 ላይ፣ ስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች ያስጀመረችው እሷ ናት። እኔ ስጫወት «ይሄ የወንድ ነው» ሲሉኝ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የማራኪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንቅብ ሰቅለን በካልሲ ኳስ ሞከርነው። አምስተኛ ጊዜ ወንበር ላይ ስትወጣ ደከማትና «ለምን ታቹን አንቀደውም?» አለች። እንቅቡ የእናቴ ነው፣ እሱን አልፈቀድኩም። ደብተሩ ላይ የሣለችውን ቅርጫት ግን ታቹን በመቀስ ቆርጣ፣ ከወረቀት የሠራቻትን ኳስ እያሾለከች ስታወርድ ዋለች።