ጥርሴ ከቡና ብዛት ቡናማ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

የጀበናዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና እያፈላሁ እሸጣለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሰል አቀጣጥዬ እስከ ማታ ሲኒ ከእጄ አይጠፋም። ደንበኛ «አብረሽኝ ጠጪ» ሲል እምቢ ማለት ይከብደኛል። በቀን ከ10 ሲኒ በላይ እጠጣለሁ፤ ሁሉም በሁለት ማንኪያ ስኳር ነው። የፊት ጥርሶቼ ቡናማ ሆነዋል። የታችኞቹ ከውስጥ በኩል፣ ድዱ ጋ፣ ጠጠር የመሰለ ነገር ይዘዋል። በጥር ሰርጌ ነው። ከሰል ፈጭቼ ከጨው ጋር ለሁለት ሳምንት ፈተግኩት። ትንሽ ነጣ፤ አሁን ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይጠዘጥዘኛል። ቡና መተው አለብኝ? እንጀራዬ እኮ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

የሂርማታው፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከሰሉን ተይውና ሎሚ በጨው ሞክሪ። እኔ በዓል ሲደርስ እንደዛ ነው የማደርገው፤ ወዲያው ነው የሚነጣው።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦
ወንድሜ፣ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ሎሚውን እባክህ አንተም ተወው። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከፒኤች 5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል (ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል)። ቡና 5 አካባቢ ነው፤ ሎሚ ግን 2 ገደማ ይወርዳል። የነጣ የሚመስለው ሽፋኑ ስለሚበላ ነው። ኢናሜል ደግሞ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አያድግም።

እህቴ፣ ያንቺም መጠዝጠዝ የመጣው ከፍተጋው ይመስለኛል። ከሰልና ጨው እንደ አሸዋ ነው የሚፍቀው። ዛሬውኑ አቁሚ። ለስላሳ ብሩሽ ግዢ፤ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (በልኩ ሲሆን ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን) ያለበት፣ «ለሚጠዘጥዝ ጥርስ» የሚባለው ዓይነት ይሁን።

ቀለሙን የሚያመጣው ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ነው። ጥርስ ላይ ይለጠፋል እንጂ ጥርስ አያበሰብስም። እኔን ያስጨነቀኝ ስኳሩ ነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ እስኪረግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንቺ ደግሞ ሳይረግብ ሌላ ሲኒ ትደግሚያለሽ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ ቀኑን ሙሉ ጥርስሽ እረፍት የለውም። አንድ ጊዜ ተቀምጠሽ ሦስት ሲኒ ብትጠጪ፣ ያንኑ ሦስት ሲኒ ለሰዓታት ፉት ከማለት ይሻልሻል።

የልጆች እናት፦
ልጄ፣ ቡናውንስ አትተዪ። እኛ ገጠር ያደግን ሰዎች በጨው ነበር የምንጠጣው። ስኳር ከተማ ስንገባ የለመድነው ነው። ማንኪያዋን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺ፤ ምላስ ይለምዳል። እኔ በሁለት ወር ስኳር ተውኩ፤ አሁን ስኳር ያለበት ሲሰጡኝ ሽሮፕ ይመስለኛል።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦
እናታችን ትክክል ነዎት፤ ጨው ለባክቴሪያው ምግብ አይሆንም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨዉን ይጠንቀቅ።

የኮቼው ሹፌር፦
ያ ጠጠር የመሰለው በብሩሽ አይወጣም፤ እኔም ነበረብኝ። ሐኪም ጋ ሄጄ አሳጠብኩ። በሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ እየነካ፣ ውሃ እየረጨ ነው የሚያነሳው። ስተፋ ደም ሳይ ደንግጬ ነበር፤ ድዱ ስላበጠ ነው አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ሲያልቅ በምላሴ ስዳብሰው በጥርሶቼ መሃል ክፍተት አገኘሁ። ጥርሶቼ የላሉ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድንጋዩ ሞልቶት ኖሯል። ዋጋ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ቦታ ቦታው ይለያያል።

ከባቱ ያገባሁ፦
በዚሁ ልጠይቅ። ባለቤቴ ቡና አትጠጣም፤ ጥርሷ ግን ከልጅነቷ ቡናማ ነው። ማሳጠብ ያስለቅቀዋል?

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦
ባቱ ካደገች ከውሃው ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ በልጅነት ነው የሚገባው። ስለዚህ ቀለሙ ከላይ የተለጠፈ አይደለም፤ በማጠብ አይለቅም። ሌላ ሕክምና ስላለው ሐኪም ይያት። ንጽሕና ጎድሏት እንዳይመስልህ፤ እሷም ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

የጀበናዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረከቦቱ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥኩ፤ ከእያንዳንዱ ሲኒ በኋላ እጉመጠመጣለሁ። ስኳሩንም ወደ አንድ ማንኪያ አወረድኩ። ቡናው እንደጠጣሁ ልቦርሽ? መፋቂያስ ልተው?

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦
ውሃው በጣም ጥሩ ነው። እንደጠጣሽ ግን አትቦርሺ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ሽፋን ትፍቂዋለሽ። ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ጠዋት ደግሞ ከአቦል በፊት ቦርሺ። መፋቂያ አትተዪ፤ ጫፉን አኝከሽ እንደ ብሩሽ አለስልሺው፣ ድድሽን አትውጊው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ግን በሳሙና ቦርሺ።

የጀበናዋ፦
ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከታጠብኩ በኋላስ ቡና መቼ ልጠጣ?

የኮቼው ሹፌር፦
እኔን ያን ቀን እንድተው ነግረውኛል። ሐሙስ ዕለት ቅጂላቸው እንጂ አብረሽ አትጠጪ። ደንበኞችሽ ይረዱሻል፤ ሙሽራ ነሽ።