የእስያን መከላከያ ፖሊሲ ማጥናት ከየት ይጀመራል?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፖለቲካ ሳይንስ ዲግሪ አለኝ። የእስያ አገሮችን የመከላከያ ፖሊሲና የሠራዊት ማዘመን ሥራ ማጥናት ሙያዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ከኮዬ ፈጬ መሃል ከተማ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ይከብዳል፤ ኔትም ይቆራረጣል። ከቤት ሆኜ ምን ልሥራ? ቻይንኛስ ግድ ነው?

ሰንጠረዥ፦
እህቴ፣ «እስያ» ብለሽ አትነሺ፤ ይሰፋብሻል። አንድ አገርና አንድ መሣሪያ ያዢ፤ የህንድን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች እንበል። ኤክሴል ላይ የታዘዘበትን፣ ውኃ ላይ የወረደበትንና አገልግሎት የጀመረበትን ዓመት ለየብቻ መዝግቢ፤ ከጎኑ ምንጩንና ያየሽበትን ቀን። ጀማሪ የሚሳሳተው መርከቡ ውኃ ላይ ሲወርድ ዜና ሰምቶ «አላቸው» ብሎ ሲቆጥር ነው። የህንዱ ቪክራንት እ.ኤ.አ. በ2013 ወርዶ አገልግሎት የገባው በ2022 ነው። የቻይናው ፉጂያን በ2022 ወርዶ በ2025 ገባ። ያ ልዩነት ከምን መጣ? ጥናትሽ እሱ ነው።

የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም ሲፕሪ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያለውን የመሣሪያ ዝውውር መረጃ በነፃ ይሰጣል። ኔት ደህና ሲሆን አውርጂና ያለ ኔት ሥሪ። እዚያ ያለው አሃዝ ግን ዋጋ አይደለም፤ የተላለፈውን ወታደራዊ አቅም መጠን ለማሳየት የተበጀ መለኪያ ነው። ዶላር ነው ብለሽ ከበጀት ጋር ካካፈልሽው ሥራሽ በሙሉ ይፈርሳል።

የበጀት ሰው፦
በጀት ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቂ። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚገባው ሁሉ የህንድና የጃፓን ኤፕሪል 1፣ የቻይና ጃንዋሪ 1 ይገባል። በአንድ ዓምድ ስትደረድሪያቸው የወራት ልዩነቱን ከሥር ጻፊ። የህንድ መከላከያ በጀት የጡረታ አበልንም ይይዛል፤ ሳትቀንሺ ብታወዳድሪ ለመሣሪያ የዋለ ይመስላል። ቻይና ለ2024 ያወጀችው 1.67 ትሪሊዮን ዩዋን ገደማ፣ ማለት ወደ 230 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ሲፕሪ ግን 314 ቢሊዮን ይላል፣ የታጣቂ ፖሊሱንና ሌላ ቦታ የተመደበ ወጪንም ስለሚደምር። ሁለቱንም መጠቀም ይቻላል፤ በአንድ ግራፍ መቀላቀል ግን በፍጹም።

ለቡ፦
ቻይንኛ ለጥልቁ ሥራ ያስፈልጋል፣ ለመጀመር ግን አያግድሽም። ጃፓን የመከላከያ ነጭ መጽሐፏን፣ ማለት ይፋዊ የመከላከያ ሪፖርቷን፣ በየዓመቱ በእንግሊዝኛም በነፃ ታወጣለች።

እኔ ግን ጅቡቲን እመክርሻለሁ። የጃፓን ጦር ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2011፣ የቻይናው ከ2017 ጀምሮ እዚያው ነው፤ የኛ ባቡርም የሚወርደው ወደዚያው ነው። ቶኪዮ የተቀመጠ ተመራማሪ የወደቡን ጉዳይ ከኢትዮጵያ በኩል አያየውም፤ አንቺ ታዪዋለሽ። ለማመልከቻ የሚሆን አራት ገጽ ጽሑፍ ከዚህ ይወጣል። ይፋ ከሆነ ሰነድ ብቻ ጥቀሺ፤ ሠራዊት ውስጥ ካለ ዘመድ የሰማሽውን አታስገቢ፣ እሱንም አንቺንም ችግር ላይ ይጥላል።